ሳጥን ውስጥ የቆዩት የመካኒክስ መጻሕፍት

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ለጥቂት ወራት የቤተ መጻሕፍት ሥራ ስልጠና ወስጄ። የተመደብኩበት ኮሌጅ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም። እኔ የጌጃ ሰፈር ልጅ ስለሆንኩ ጠዋት በእግሬ ሄጄ ምሳዬን ቤቴ እበላ ነበር። አባቴ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ልብስ ሰፊ ነው። ደንበኞቹ ልጅህ ምን ትሠራለች ሲሉት መጽሐፍ ትጠብቃለች ይላቸዋል፤ ዘበኛ የሆንኩ ይመስል። ሆድ ይብሰኛል፤ ግን አልዋሸም። የመጀመሪያው ዓመት ሥራዬ እውነትም ከጥበቃ አይለይም ነበር። ተማሪው መታወቂያውን ያስይዛል፣ መጽሐፍ እሰጠዋለሁ፤ ሲመልስ ገጽ አለመቀደዱን አይቼ መታወቂያውን እሰጠዋለሁ።

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን የሚያስለቅሰው ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ የሚያስተምረው፣ መካኒክስ የሚባለው ትምህርት ነበር። መጽሐፉ አራት ቅጂ ብቻ ስለነበረን ከአዳራሹ አይወጣም፤ ለአንድ ሰው የሚፈቀደውም ለሁለት ሰዓት ነው። በሩ ሳይከፈት ሰልፍ ይያዝለታል።

ከሰልፈኞቹ አንዷ ከአርሲ ገጠር የመጣች፣ በክፍሏ ካሉት ጥቂት ሴቶች አንዷ የሆነች ልጅ ነበረች። ተራ ሲደርሳት ጥግ ትይዝና ሁለት ሰዓቱን ሙሉ ቀና ሳትል ትገለብጣለች። ትጋቷን ሳይ ይቺስ አንደኛ ትወጣለች እል ነበር። አንድ ቀን የአጋማሽ ፈተና ወረቀቷን መጽሐፉ ውስጥ ረስታ መለሰችልኝ። ወድቃለች። ወረቀቱን ልሰጣት ስጠራት ደብተሯን አየሁት፤ መቅድሙን እንኳ ሳታስቀር ከገጽ አንድ ጀምራ ቃል በቃል ገልብጣለች። መምህሩ አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ እሷ ገና ሁለተኛውን አላጋመሰችም።

ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ጠየቅኳት። የተማረችበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አልነበረውም፤ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ካልተነበበ የማይገባ መስሏት ነበር። ነገሩን ስትነግረኝ አፈረች፤ እኔ ግን ከእሷ ይልቅ በራሴ አፈርኩ። ስንት ጊዜ መጽሐፉን ስሰጣት፣ መጨረሻው ላይ ያለውን የቃላት ማውጫ አንድም ቀን አላሳየኋትም። ያን ዕለት ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በፈተናው የጣላት ጥያቄ በእንግሊዝኛ ፍሪክሽን ስለሚባለው ሰበቃ ነበር፤ ቃሉን ከማውጫው አውጥተን፣ ገጹን ገልጠን፣ ምሳሌውን አብረን አየነው። እኔ የሂሳቡን ነገር አላውቅም። እሷ ግን ሁለቴ አነበበችውና ያንኑ ጥያቄ ፊት ለፊቴ ሠራችው።

"እህቴ፣ ስለዚሁ የሚያወራ ሌላ መጽሐፍ የለም?" አለችኝ።

የመጻሕፍቱ ካርድ የሚቀመጥበትን የካታሎግ መሳቢያ ስበን አብረን ፈለግን። የለም። ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከሶሻሊስት አገሮች በስጦታ የመጡ ሦስት የእንጨት ሳጥኖች፣ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ መጋዘን ውስጥ እንደታሸጉ ነበሩ። የተጻፈባቸው በሩሲያኛ ስለሆነ ሁሉም ሰው የፖለቲካ መጽሐፍ ነው ብሎ ትቷቸዋል።

ኃላፊያችን ጡረታቸው የደረሰ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። ሳጥኖቹ ይከፈቱ ስላቸው ዝርዝር የሌለው ንብረት እንደማይነካ ነገሩኝ። አልፈርድባቸውም፤ በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት ጎደለ ከተባለ መዘዙ ብዙ ነው። ማመልከቻ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ደግሜ ጻፍኩ። በሦስተኛው ወደ መካኒክስ መምህሩ ሄድኩ። ከውጭ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነው፤ ተማሪው አያነብም እያለ ሁልጊዜ ያማርራል። የሚያነቡት የላቸውም አልኩት። እንዲህ በድፍረት መናገሬ ራሴንም ገረመኝ። የሳጥኖቹን ነገር ስነግረው በኮሚቴ ይከፈቱ፣ እኔም እፈርማለሁ አለ። ኮሚቴ ሲባል ኃላፊያችን እሺ አሉ።

ሦስታችን መጋዘን ገባን። የመጀመሪያው ሳጥን እንደተባለው የፖለቲካ ነበር። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ሩሲያኛ። ኃላፊያችን ሰዓታቸውን አዩ፤ እኔ ወደ ሦስተኛው ሄድኩ። ሦስተኛው ሲከፈት ከላይ ካርታዎች ነበሩ፤ ከካርታዎቹ ሥር ግን በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ የጥራዝ ክራቸው ያልላላ የመካኒክስ መልመጃ መጻሕፍት እስከ ሳጥኑ ወለል ተደርድረዋል። ጥያቄው ከነአሠራሩ። መምህሩ አንዱን አነሳና ከሳጥኖቹ አንዱ ላይ ቁጭ ብሎ ማንበብ ጀመረ። እኛን ረሳን።

"ይሄ ሁሉ ጊዜ እዚህ ነበር?" አለ በመጨረሻ።

ኃላፊያችን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

"የካታሎግ ካርዱን አንቺ ጻፊው። መዝገቡ ላይም ስምሽን አስፍሪ፤ ያገኘሽው አንቺ ነሽ" አሉኝ።

ካርዶቹን በታይፕ መትቼ ስጨርስ ሳምንት አልፏል። ከዚያ በኋላ ተማሪው መጽሐፉን ወደ ማደሪያው ይዞ መሄድ ቻለ፤ ሰልፉም ቀረ። ከመምህሩ ጋር ተነጋግረን ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት በቡድን በቡድን እየጠራሁ ማውጫና ካታሎግ አጠቃቀም አሳይ ጀመር። መጀመሪያ ቀን የምናገረውን በወረቀት ጽፌ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳልል አነበብኩት። ያቺ የአርሲዋ ልጅ ከፊት ተቀምጣ፣ የምታውቀውን ሁሉ እንደ አዲስ በደብተሯ እየጻፈች አበረታታችኝ።

የዓመቱ መጨረሻ ውጤት ሲለጠፍ ከተማሪዎቹ መሀል ተጋፍቼ ሰሌዳውን አየሁ። አንደኛ አልወጣችም። ግን በደህና ውጤት አልፋለች። ስንቶቹ በእነዚያ መጻሕፍት ምክንያት እንዳለፉ ልቆጥር አልችልም፤ የመምህሩ ትጋትና የልጆቹም ጥረት የራሳቸው ድርሻ አላቸው። መምህሩ ግን በመንገድ አስቁሞኝ ተማሪዎቹ አሁን ጥያቄ ይዘው እንደሚመጡ፣ እሱ ራሱ ተዘጋጅቶ ካልገባ እንደሚያፍር ነገረኝ። ያን ቀን ከልደታ እስከ ጌጃ ሰፈር ያለውን መንገድ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። በሚቀጥለው መስከረም የቅዳሜው ትምህርት ለአዲስ ገቢዎች ሁሉ ግዴታ ሆነ፤ ሰጪዋም እኔ ሆንኩ፤ ለብዙ ዓመታት።

ልጅቷ ተመርቃ እዚያው ኮሌጅ በረዳት መምህርነት ተመደበች። ሥራ የጀመረች ዕለት፣ ገና ቢሮዋን ሳታይ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ተሳሳምን። ከቦርሳዋ የተማሪዎቿን ስም ዝርዝር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"ለእነዚህ ምን ምን አለን?" አለችኝ።

ተነስቼ የካታሎጉን መሳቢያ ሳብኩላት።