የትሮንዱር ጣት

ትሮንዱር አርፎ መቀመጥ አልተፈጠረለትም። በሳልሞን ዓሣ እርባታው ጀልባ ላይም ሆነ እራት ቀርቦለት እግሩ ከወለሉ ጋር ሲጣላ ነው። ሚስቱ ማርዩን፣ «የተሰቀለ የበግ ሥጋ እንኳ ካንተ ይሻላል፤ ንፋስ እስኪያደርቀው ዝም ብሎ ይጠብቃል» ትለዋለች።

ለፋሮ ደሴቶች ብሔራዊ ቡድን ሲሰለፍ ግን ይህ መቅበጥበጡ ጠቅሞታል። ተከላካይ ነው፤ ጎል አግብቶ አያውቅም። የእሱ ሙያ ሌላ ነው። በዚያ አገር ንፋሱ ጨካኝ ስለሆነ ለፍጹም ቅጣት ምት የተቀመጠች ኳስ ቆማ አትጠብቅም፤ አንድ ሰው መሬት ላይ ተዘርግቶ በጣቱ ይይዛታል። ከሰፈር ሜዳ ጀምሮ ትሮንዱር ይይዛል፣ የአጎቱ ልጅ ሃኑስ ይመታል።

ባለፈው ዓመት ለዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታ ወደ አንድ ትልቅ አገር ሄዱ። ስታዲየሙ ጣራ ያለው ነው፤ የንፋስ ሽታ እንኳ የለም። ሦስት ለባዶ እየተመሩ ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና ትሮንዱር እየበረረ መጥቶ ተዘረጋና ጸጥ ያለችውን ኳስ በጣቱ ያዘ። ያ ሁሉ ሕዝብ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ቀጥሎ በሳቅ ፈነዳ። ዳኛው ሳይቀር ሳቀ። ሃኑስ ፊቱ ደም መሰለ፤ ኳሷንም ወደ ሰማይ ላካት። በማጣሪያው እስከዚያ ቀን ያገኟት የጎል ዕድል እሷ ብቻ ነበረች።

መልበሻ ክፍል ሲገቡ ሃኑስ፣ «እሷን የሳትኩት እኔ አይደለሁም፤ አንተ ነህ» አለው። ከዚያ በኋላ አፉን ዘጋበት። በር ለበር እየኖሩ ሰላምታ ቀረ።

ሱቅ ሲሄድ ሽማግሌው ባለሱቅ ዮኤንስ፣ «ትሮንዱር፣ ዳቦው እንዳይሸሽህ ተኝቼ ልያዝልህ?» ይለዋል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ግን ዳቦውን ነጥቆ ይወጣል። አንድ ቀን ለማርዩን፣ «ሁለተኛ ሜዳ ላይ ብተኛ ሰው አይደለሁም!» ብሎ ማለ።

«አልጋህ ላይስ መቼ ተኝተህ ታውቃለህ?» አለችው።

በቀጣዩ ጨዋታ በአገራቸው ዋና ከተማ በቶርስሃውን ዝናቡ በአግድም ይዘንባል። ሁለት ለባዶ እየተመሩ ሳለ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጣቸው። ሃኑስ ኳሷን አስቀመጠ፤ ተንከባለለች። መለሳት፤ አሁንም ሸሸች። አምበሉ፣ «ኧረ አንድ ሰው ይያዝለት!» ብሎ ጮኸ። ሃኑስ ሁሉንም አየ፤ ትሮንዱርን ብቻ አላየም።

ትሮንዱር መሬት ጠበበችው። የዚያ ቀን ሳቅ ጆሮው ውስጥ አለ፤ ካሜራውም አፍጥጦበታል። ልቡ «አርፈህ ቁም» አለው። እግሩ ግን መቼ አርፎ ያውቃል? ሮጠና ጭቃው ላይ ተዘረጋ፤ ጣቱንም ኳሷ ላይ አኖረ። ሃኑስ ወደ ኋላ ሄደ፤ መጣ፤ መታ።

ትሮንዱር ጣቱ ውስጥ እሳት ገባ። ሕዝቡ አገር ይያዝልኝ ሲል ሰማና ዳግመኛ የሳቁበት መሰለው፤ ፊቱን መሬት ውስጥ ቀበረ። ቀና ሲል መረቡ ሲወዛወዝ አየ። ጓደኞቹ ሃኑስን ሊያቅፉ እየሮጡ ነበር። ሃኑስ ግን አምልጧቸው ተመልሶ መጣና አጠገቡ ተንበረከከ።

«አመመህ?» አለው።

«ኧረ ምንም» አለ ትሮንዱር፣ የተሰበረ ጣቱን ከሆዱ ሥር እየደበቀ።