ዘነበችን ከእሳት ያወጣኋት እኔ አይደለሁም

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ቀርቤ በተናዘዝኩ ቁጥር ትንንሾቹን ኃጢአቶች እየመረጥኩ ነው የነገርኳቸው፤ ትልቁን ይዤው እመለሳለሁ። አሁን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ሰዎች እናገረዋለሁ። ለማያውቁት ሰው መናገር ለምን ይቀላል? ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ያኔም ፈሪ ነበርኩ።

የሕፃናት የአንጎልና የነርቭ ሐኪም ነኝ። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ልጆች ሳክም ዕድሜዬን ጨረስኩ። ልጅ ሲመጣልኝ እናቱን ከማናገሬ በፊት እጁን እይዛለሁ፤ ምርመራው እስኪያልቅ አልለቀውም። ተማሪዎቼ ይህን አይተው ወደ ሙያው እንዴት እንደገባሁ ይጠይቁኛል። የምነግራቸው ታሪክ አለኝ። ቡታጅራ ልጅ ሳለሁ ጓደኛዬ እሳት ላይ ወደቀች፤ ሰው ሁሉ በሽታው ይተላለፋል ብሎ ሲሸሽ እኔ ጎትቼ አወጣኋት እላለሁ። እናቶች ሲሰሙት እንባቸውን ይጠርጋሉ። ውሸት ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አባቴ ከመንዝ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ዘነበች ጎረቤታችንም የክፍል ጓደኛዬም ነበረች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ብቻችንን ስንመለስ መንገድ ላይ ጣላት። ደንግጬ አቀፍኳት፤ የአፏ አረፋ ቀሚሴን አራሰው። ይዞኛል ብዬ ስንት ጊዜ በፍርሃት ከረምኩ፤ ምንም አልሆንኩም። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም። አገር ምድሩ በንክኪ ይይዛል ሲል እኔ እንደማይዝ በገዛ ገላዬ አውቄ ነበር።

ያን ቀን ስትነቃ፣ "ለማንም እንዳትነግሪ፤ ከትምህርት ቤት ያስወጡኛል" አለችኝ። ከዚያ ቀሚሴን ይዛ፣ "ስወድቅ አንቺ አትሽሺኝ፣ እሺ?" አለች። እሺ አልኳት።

የመስቀል ሰሞን እነዘነበች ቤት ጎመን ተጥዶ ነበር። እናቷ እማማ ደስታ ጓሮ እንሰቱ ውስጥ ናቸው። እኔና ዘነበች እሳቱ ዳር ተቀምጠናል፤ ሁለት የክፍላችን ልጆች በር ላይ ቆመው ያስቁናል። በሳቃችን መሀል ጣላት። ቀኝ እጇ ጉልቻው መሀል ገባ።

"እንዳትነኪያት! ይይዝሻል!" ብለው ልጆቹ እየጮሁ ሮጡ።

እኔ ምን አደረግሁ? ክብሪት ፈለግሁ። በእኛ ሰፈር ሰው ሲጥለው አይነካም፤ ክብሪት ተጭሮ ጭሱን እንዲያሸት ይደረጋል። የጓደኛዬ እጅ እየነደደ እኔ ክብሪት ፍለጋ መደቡን ዳበስኩ። እሳቱ እኮ ከፊቴ ነበር! ክብሪት እንደማያድናት አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ከነካኋት ልጆቹ እሷንም ይዟታል ብለው ያወሩብኛል ብዬ ፈራሁ። ከጓደኛዬ እጅ ይልቅ ለስሜ ሳሳሁ።

በዚያን ሰዓት ከእንሴኖ በኩል ሸክላ ተሸክመው ለገበያ ከሚመጡት ሴቶች አንዷ በደጅ ታልፍ ነበር። ሸክላ ሠሪ ያኔ የሰው ቤት ደፍ አታልፍም፤ ውሃ እንኳ ሲሰጣት ደጅ ቆማ ነው። ጩኸቱን ስትሰማ ሸክሟን አውርዳ ዘው ብላ ገባች። የጋለውን ድስት በባዶ እጇ ገፍታ ዘነበችን ጎትታ አወጣቻት፤ ጭኗ ላይ አስተኛቻት።

እማማ ደስታ ከጓሮ ሲደርሱ ሴትዮዋን ያገኟት ልጃቸውን እንዳቀፈች ነው።

"ማን ግቢ አለሽ? ልጄን በዓይንሽ በላሻት!"

"እሳት ውስጥ ነበረች፣ እመቤቴ። ይችን ልጅ ይጠይቋት፤ አይታለች።"

እማማ ደስታ ወደኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ማን ነው ያወጣት?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ዝም ብል ምን ነበረበት? ማንም ጀግና ሁኚ አላለኝም። ግን እውነቱን ብናገር ቆሜ ማየቴ ሊታወቅብኝ ነው። የተሰበሰበው ጎረቤት ሴትዮዋን እየገፋ አስወጣት፤ ደጅ ያወረደችውን ሸክላ ሁሉ ሰባበረባት። መዳፎቿ ተልጠው ነበር። የኔ መዳፍ ጭረት እንኳ አልነበረበትም፤ ማንም ገልብጦ አላየውም።

የዘነበች ጣቶች እንደተጣበቁ ቀሩ። ከትምህርት ቤትም ወጣች። የሆነውን ሁሉ አታስታውስም፤ በሽታው እንዲህ ነው፣ ያን ሰዓት ከሰው ላይ ይወስደዋል። እናቷ የነገሯትን ይዛ፣ "እሺ ብለሽኝ አልነበር? ይኸው አልሸሸሽኝም" ብላ በደህናው እጇ አንገቴን አቀፈችኝ። ያኔም ልነግራት እችል ነበር። አልነገርኳትም። አባቴ ወደ ወልቂጤ ሲዛወር እሷ መንገድ ላይ ቆማ ስታለቅስ እኔ፣ እግዚአብሔር ይየው፣ እፎይ አልኩ። ኋላ አግብታ ስትወልድ ለመጀመሪያ ልጇ የኔን ስም አወጣችላት።

ዘነበች ካረፈች ዓመት ሆናት። በቅርቡ ሙት ዓመቷ ላይ ያቺ ልጇ በሰው ሁሉ ፊት፣ "እትዬ፣ እማዬን ከእሳት ያወጧትን ቀን እስቲ ይንገሩን" አለችኝ። ተነስቼ ነገርኳቸው። እንዴት እንደጎተትኳት፣ እሳቱ እንዴት እንደፈጀኝ ሳይቀር። አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ልጇም ጎንበስ ብላ መዳፌን ሳመችኝ።

የሴትዮዋን ስም አላውቅም። ያን ቀን የጠየቃት አልነበረም፤ ይቅርታ ልጠይቃት ብል ማን ብዬ እጠራታለሁ? ልጅ ነበርኩ ብዬ እንዳላመልጥ፣ በዘነበች ሙት ዓመት ላይ ልጅ አልነበርኩም።