ጥጢት ምን በላች?

መካነ ሰላም ውስጥ ሻሽ ሊገዛ ሀጀራ ሱቅ የገባ ሰው የሻሹን ነውር ሰምቶ ይወጣል። «ይሄ ቀለሙ ይለቃል፤ ያኛው ደግሞ ስስ ነው፣ ክረምቱን አይወጣልሽም» ትላለች። ገዢዋም ጎረቤት ሱቅ ትገባና ያንኑ ሻሽ «አንደኛ ነው» ተብሎላት ደስ ብሏት ትሄዳለች። ሰዉ ሲያሾፍባት «ሀጀራ ሐቋ» ይላታል። ቅቤ ስትገዛ ሁለቴ ትጠይቃለች፣ እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ሲል ሁለቴ ትጠይቃለች፣ «ደህና ነኝ» ያላትን ሰው ሳይቀር ፊቱን አይታ «ውነት ደህና ነህ?» ትላለች። አድካሚ ሴት ናት፤ ይሄን የሚወዷትም አይክዱም።

ስትፈጠር ግን እንዲህ አልነበረችም። በልጅነቷ ጅዳ ወርዳ ወጣትነቷን በሰው ወጥ ቤት ጨርሳ ስትመለስ፣ ያመጣት መኪና በቀጥታ ወደ እናቷ ቤት አልሄደም። ዘመድ ቤት አሳረፏት፣ አበሏት፣ አስተኟት። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ገቡ። እናቷ ከተቀበሩ ከዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ስልኩን የምታነሳው ታናሽ እህቷ አሚራ «እማዬ ደህና ናት፤ ተኝታ ነው፤ ጎረቤት ሄዳ ነው» ስትላት ከርማለች። ሚኒባስ ነጂው ያውቅ ነበር፤ የስልክ ካርድ የሚሸጠው ያውቅ ነበር፤ አገር ያወቀውን ሳታውቅ የቀረችው ልጅየዋ ብቻ ነበረች። ለስደተኛ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በሰው አገር ማን ደግፎ ያስለቅሳታል ነው ነገሩ። ደግ ሐሳብ ነው። ግን ደግነትም አጥንት ይሰብራል።

ጎረቤቱ ሁሉ አሚራን «አንጀተ ጠንካራ፣ ምስጢር ቻይ» ብሎ አመሰገናት። ሀጀራ ከማን ጋር ትጣላ? «ሆድ ይፍጀው» አለችና ከዚያችው እህቷ ጋር በአንድ ግቢ መኖር ጀመረች። ለራሷ ግን ከእንግዲህ ውሸት አልሸጥም፣ አልገዛምም ብላ ቃል ገባች።

ዓመታት አለፉና ተራው የአሚራ አንድያ ልጅ የፈርሂያ ሆነ። ሪያድ ልትሄድ ስትነሳ ነጭ ጥንቸሏን ለእናቷ ሳይሆን ለአክስቷ ሰጠች። ጥንቸሏ ጥጢት ትባላለች፤ ግቢያቸው ውስጥ ክፍል ተከራይቶ የነበረ ተማሪ ሲመረቅ ትቷት የሄደ ናት። ፈርሂያ ልጅ ሳለች ከእሷ ጋር ነው ያደገችው ማለት ይቻላል።

«አክስቴ፣ አደራ። አንቺ ደህና ናት ካልሽኝ ደህና መሆኗን አውቃለሁ» አለቻት።

ጎረቤት በጥጢት ነገር ተግባብቶ አያውቅም። ክርስቲያኑ እርኩስ ናት ይላል፤ እስላሙ ሐላል ናት ይላል፣ ግን የሚበላት የለም። የማትታለብ፣ የማትጫን፣ የማትታረድ ፍጥረት ማሳደር ምን ይሉታል እያሉ ይስቃሉ። ሀጀራም በመጀመሪያ ለአደራው ብላ ነበር የያዘቻት። እያደር ግን ሱብሒ ስትሰግድ መጥታ መስገጃዋ ጫፍ ላይ ቁጭ የምትለው ነገር ሆዷን በላው። ባልም ልጅም ለሌላት ሴት ጎህ ሲቀድ የሚጠብቃት መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ፈርሂያ ጁምዓ ጁምዓ በኢሞ ስትደውል ከእናቷ ቀጥላ የምትጠይቀው ስለ ጥጢት ነው።

አንድ ጊዜ ሀጀራ አቀስታ ለቅሶ ልትደርስ ሄደች። ጥጢትን ለአሚራ ስትተው ሣሯን እንዳትረሳ፣ ጓዳም እንዳታስገባት አስጠንቅቃት ነበር። ሐሙስ አመሻሹ ላይ ስትመለስ ጥጢት ጥጓ ውስጥ ኩርምት ብላለች። ጆሮዋ ቀዝቅዟል፣ ጥርሷን ታፋጫለች፤ ከቤቷ ወለል ላይ አንዲት በጠጥ የለም። ሣር ቢሰጧት ፊቷን አዞረች። ነጋ አልነጋ ብላ በቅርጫት አድርጋ፣ በጋቢዋ ሸፍና፣ አሚራን አስከትላ ቢሻው ዘንድ ሄደች።

ቢሻው የእንስሳት ሐኪም ነው። ዕድሜውን ከበሬና ከበቅሎ ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ቢሆንም ጥንቸል ይዘው ሲመጡበት አልሳቀም። ሆዷን በጣቶቹ ቀስ ብሎ ዳበሰ፤ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ደብረ ዘይት ለሚሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛው ደውሎ ብዙ አወራ። ከዚያ ተመልሶ ሀጀራ አጠገብ ቁጭ አለ።

«እትዬ ሀጀራ፣ አልዋሽዎትም» አለ። «ጥንቸል አክሜ አላውቅም። ጓደኛዬ የነገረኝን ነው የምነግርዎት።»

አንጀቷ ቆሟል፤ የሚቆመው ግን በሁለት መንገድ ነው አላት። ተርባ ወይም ደንግጣ፣ ነፋስ ሞልቷት ከሆነ አንጀቱ ተኝቷል ማለት ነው፤ እሱን የሚቀሰቅስ መርፌ አለው። ቶሎ ካልተወጋች ግን እስከ ነገ አትቆይም። የማይፈጭ ነገር ውጣ ተሰንቅሮባት ከሆነ ደግሞ ያው መርፌ አንጀቱን ወደማይላወሰው ነገር ይገፋውና ይቀደዳል። እንዲያ ከሆነ የሚሻለው ውኃ ከቆዳዋ ሥር እየሰጡ፣ ዘይት እያጋቱ፣ ሆዷን እያሹ መጠበቅ ነው፤ ቀስ ብሎ ሊያልፍላት ይችላል። በእጅ ዳብሶ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ደሴ ቢወስዷት መሣሪያ ይገኝ ይሆናል፤ እሱ ግን የመንገዱን ንዝረት የምትችል አልመሰለውም።

«ስለዚህ ሁሉም የሚወሰነው በበላችው ነው። ምን በላች?»

ሀጀራ ዞር ብላ አሚራን አየቻት። አሚራ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን እያስተካከለች ከሣር በቀር ምንም አልሰጠኋትም አለች። ቢሻው አላረፈም፤ ክር፣ ፌስታል፣ ጥራጥሬ አግኝታ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቃት።

«ወላሂ» አለች አሚራ፣ «ከሣር ሌላ አፏ የገባ ነገር የለም።»

እዚህ ላይ ቅቤ ነጋዴን ሁለቴ የምትጠይቀው ሀጀራ እህቷን ሁለቴ አልጠየቀችም። በአላህ ስም የማለን ሰው ደግሞ መጠየቅ ዋሽተሻል ማለት ነው፤ ያውም በባዕድ ፊት፣ ያውም የእናት ልጅን። ጥጢትን አየቻት። ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል፣ ጥርሷ ይፋጫል። መጠበቅ ማለት ይሄንን እያዩ ማደር ነው።

«ውጋት» አለችው።

አሚራ ምሳ ላድርስ ብላ ቀድማ ወጣች። ከመርፌው በኋላ ጥጢት መጀመሪያ የተሻላት መሰለች፤ ቀና ብላ የቅርጫቱን ጠርዝ አሸተተች፤ ሀጀራም አልሐምዱሊላህ አለች። ጥቂት ቆይቶ ግን ጮኸች። ጥንቸል ድምፅ አላት ብሎ የሚያስብ ሰው የለም፤ አላት፣ የሕፃን ነው የሚመስለው። ቀኑ እኩል ሳይሆን ሀጀራ ጭን ላይ ሞተች።

ቢሻው ምክንያቱን ማወቅ ፈልጎ ከፍቶ እንዲያያት አስፈቀዳት። ሀጀራም ውጪ ቆዪ ብትባል እምቢ ብላ እዚያው ቆመች። ከተቀደደው አንጀት ውስጥ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ አረንጓዴ የማዳበሪያ ከረጢት ክር ካበጠ ባቄላ ጋር ወጣ። ቢሻው ሳህን ላይ አስቀመጠው።

«መርፌው ነው የገደላት» አለ። «ሣር ብቻ ነው ስትለኝ አምኛት ነው።»

ሀጀራ እቤት ስትደርስ ማንንም ሳታናግር ጓዳ ገባች። አረንጓዴ መስመር ያለው የባቄላው ከረጢት ከቦታው ዞሯል። ገልብጣ አየችው፤ የተበላው ጠርዝ ወደ ግድግዳው ተደርጓል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይሄ ነው።

አሚራ ስትጠየቅ ወዲያው አመነች። ሴቶች ለዱዓ መጥተው ጥንቸል እግራቸው ሥር ስትሯሯጥ አፍራ ጓዳ ዘግታባታለች፤ እንግዳ ስታስተናግድም እስከ ማግስቱ ረስታታለች።

«ለቅሶ ደርሰሽ፣ ደክመሽ የመጣሽ ነሽ፣ እትዬ። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ብነግርሽስ ምን ይለወጣል ብዬ።»

«መጠበቅ ይቻል ነበር!» አለች ሀጀራ። «በኔ አፍ አስገደልሻት። ውጋት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምን ብዬ ነው ከዚህ ወዲያ የምተኛው?» በጥንቸል ማልቀስ ነውር መሆኑንም ረስታ አለቀሰች።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። ጁምዓ መሆኑ ለሁለቱም ጠፍቷቸው ነበር። አሚራ የልጇን ስም ስታይ ደንግጣ የእህቷን እጅ ያዘች፤ ጥጢት ተኝታለች በያት፣ በሰው አገር አታስለቅሻት ብላ በሹክሹክታ ለመነቻት። ሀጀራ እጇን አላቅቃ ስልኩን አነሳች፣ ድምፁንም ከፈተችው።

«ፈርሂያ፣ ጥጢት ዛሬ ሞተች። አደራሽን አልጠበቅኩም፤ አፉ በይኝ።»

ከወዲያ በኩል የመጣው ድምፅ የልቅሶ ሳይሆን የፍርሃት ነበር። በዚህ አገር ትልቁ መርዶ ከትንሹ ኋላ እንደሚመጣ ልጅቷ ታውቃለች።

«አክስቴ፣ እንዲህ የምታለቅሺው ለጥንቸል ነው? እውነቱን ንገሪኝ። እናቴ ናት?»

አሚራ ስልኩን ነጥቃ እኔ ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ይኸው ድምፄ አለቻት። ፈርሂያ ፊትሽን አሳዪኝ አለች፤ ኔትወርኩ ምስል አልሸከም ብሎ ጨለመ።

«አላምንም» አለች ልጅቷ፣ አሁን እያለቀሰች። «አያቴ ከሞተች በኋላ አክስቴ ስትደውል፣ እናቴ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ እያሳለች፣ በአያቴ ድምፅ ታወራት አልነበር? ለማንም እንዳትናገሪ ብላኝ አልነበር? አሁን በእናቴ ድምፅ የሚያወራኝ ማነው?»

ሀጀራ ስልኩን ቀስ ብላ ከአሚራ እጅ ወሰደችው።

«ፈርሂያ፣ እናትሽ ናት። ፊቴ ቆማለች፣ እያየኋት ነው።»

«አንቺ ካልሽ እሺ» አለች ልጅቷ። ከዚያ ለጥጢት ማልቀስ ጀመረች፤ ሀጀራም እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

ስልኩ ሲዘጋ ሀጀራ መደብ ላይ ተቀመጠች። ጅዳ ሳለች፣ ለመውሊድ እናቷ ለምን ጠፋሽ ብለው ሲወቅሷት፣ ሥራ ላይ ነኝ አትነዝንዢኝ ብላ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘግታባቸው ነበር። ለአረፋ ስትደውል ግን በሻከረ፣ በሚያስል ድምፅ «ልጄ፣ የተቀየምኩብሽ የለም፤ አፉ ብዬሻለሁ» ብለዋታል። ከመርዶው በኋላ በእግሯ የቆመችው በዚያ ቃል ነው።

«የአረፋ ለታ አፉ ብዬሻለሁ ያለችኝ ማናት?»

አሚራ አፏን ስትከፍት ሀጀራ «አትማይ» አለቻት።

«እኔ ነኝ» አለች አሚራ።

«እሷስ? ተቀይማኝ ነው የሞተችው?»

«አይደለም፣ እትዬ። አንድም ቀን አልተቀየመችሽም።»

ሀጀራ የእህቷን ፊት ብዙ አየችው። እውነቷን ሊሆን ይችላል፤ እንዳትደነግጥ ብላም ሊሆን ይችላል። ከአሚራ በቀር የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።