ለማንም ያልተሰጠ ቁጥር

ዋኘው ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነበር። ጎንደር አስተማሪ ሳለ ይህ ጠባዩ አስከብሮታል። እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ላይ ግን ያው ጠባይ ጉድ ሠራው።

በፈረንጆቹ 1981 በሱዳን በኩል ከታላቅ እህቱ ከደጊቱ ጋር እስራኤል ሲገቡ፣ እናታቸው ወይዘሮ ፋንትነሽ መንገዱን አልችልም ብለው አገር ቤት ቀሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እሳቸውም ተነሥተው ሱዳን መጠለያ ደርሰዋል የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ ወዲህ ዋኘውና ደጊቱ እንቅልፍ የላቸውም፤ ዛሬ ገቡ፣ ነገ ገቡ ነው።

ዋኘው ኪርያት አርዬ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ሠራተኛ ሆኗል። ፋብሪካው ተዘግቶ ሳለ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ከቤቱ ሆኖ በስልክ መስመር ገብቶ እንዲያቃናው፣ ራማት ቬርበር ሰፈር ያለው ቤቱ ድረስ ስልክ አስገቡለት። ያን ጊዜ ሰው ለስልክ ዓመታት ወረፋ ይጠብቅ ነበር። አገባቡም እንዲህ ነው፤ ዋኘው ይደውላል፣ የይለፍ ቃሉን ይሰጣል፣ ኮምፒውተሩ ስልኩን ይዘጋበታል። ከዚያ የተመዘገበለትን የዋኘውን ቁጥር አይቶ ራሱ መልሶ ይደውላል። ሌባ የይለፍ ቃሉን ቢሰርቅ እንኳ፣ የሚደወለው ዋኘው ቤት ስለሆነ፣ ባዶ እጁን ይቀራል።

አለቃው ዳቪድ፣ “ይህ ሚስፓር ሶዲ፣ የምስጢር ቁጥር ነው፤ ለማንም አትስጥ። መስመሩም ለኮምፒውተሩ ክፍት ይሁን፣ በሰደር? እሺ?” አለው። ይህን ያለው ሻዩን እያማሰለ፣ እንደ ዘበት ነው። ዋኘው ግን አደራ አድርጎ ያዘው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲባል ያደገ ሰው ነው።

አሽቀሎን ከተማ፣ ሜርካዝ ክሊታ በሚባለው የአዲስ ገቢዎች መቀበያ የምትኖረው ደጊቱ ቁጥሩን ስትጠይቀው፣ “እታለም፣ የመሥሪያ ቤቱ አደራ ነው። እኔ የምሰጠው አይደለም” አላት።

“ድንገት እማዬ ብትመጣስ?”

“በየሳምንቱ እመጣ የለም እንዴ?”

“ደግሞ ለስልክ ቁጥር! የንጉሥ ግምጃ ቤት አስመሰልከው” አለችና አኩርፋ ሸኘችው።

በ1985 መጀመሪያ፣ አንድ ሐሙስ ማታ፣ ወይዘሮ ፋንትነሽ ገቡ። ከአውሮፕላኑ በቃሬዛ አውርደው ሆስፒታል ወሰዷቸው። ደጊቱ ዓርብ ቀትር ላይ ተነግሯት ስትደርስ፣ ከእናቷ አፍ የወጣው የመጀመሪያ ቃል፣ “ዋኘው የታለ?” የሚል ነበር።

ነርሷ ወደ ስልክ መረጃ ደወለች፤ ቁጥሩ በመዝገብ የለም አሏት። ፋብሪካው ጋ ደወለች፤ ዓርብ ነውና ለቅዳሜው ሰንበት ሁሉም ወደ ቤቱ ገብቷል። ሰንበት ሲቃረብ አውቶቡሱም ቆመ።

“ስልክ አለው አላልሽኝም?” አሉ እናቷ።

“ተደውሎለታል፣ እየመጣ ነው” ብላ ዋሸቻቸው። ምን ታድርግ? ወይዘሮ ፋንትነሽ ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ አደሩ፤ በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፉ።

ዋኘው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ነበር። ኮምፒውተሩ ደኅና ስለዋለ ስልኩ አንዴም አልጮኸም።

እሑድ ገና ሳይነጋጋ፣ የደጊቱ ጎረቤት አያ ካሣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው በሩን አንኳኩ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ቁጥሩ ቢኖራቸውም በአካል ይመጡ ነበር። ስልኩ ያስፈልግ የነበረው ከመርዶው በፊት ላለፈችው ለዚያች አንድ ቀን ነው። ዋኘው ሦስቱን ሽማግሌዎች በዚያ ሰዓት ሲያይ ነገሩ ገባው፤ በሩን እንደያዘ ቁጭ አለ።

ለቀብሩ ደረሰ። በሐዘኑ በሦስተኛው ቀን ዳቪድ ሊያጽናናው አሽቀሎን ድረስ መጣ። ሁሉን ሰምቶ፣ “እንዴት ሳይደውሉልህ ቀሩ?” አለው።

“ለማንም አትስጥ ብለኸኝ ነበር” አለ ዋኘው።

ዳቪድ ፊቱ ቀላ። “ለባዕድ ማለቴ ነበር እኮ። እኔ የቤቴን ቁጥር ለእናቴ ሰጥቻለሁ። ሁላችንም ለእናቶቻችን ሰጥተናል።”

አጠገባቸው የተቀመጠችው ደጊቱ ዕብራይስጡን ለምዳዋለች፤ አንድም ቃል አላመለጣት። ዋኘው ቀና ብሎ ሊያያት አፈረ። ዳቪድ ከሄደ በኋላ ቁራጭ ወረቀት ፈልጎ ቁጥሩን ጻፈና ዘረጋላት።

ደጊቱ ተቀበለችው፤ ሳታነበው መልሳ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

“አሁን ማን መጣ ብዬ ልደውልልህ?” አለችው።