የበላይነሽ የመርዶ ወረቀት

ቦሰና ቁጭ ማለት አይሆንላትም። ቤይሩት ዳር፣ ሀደት ሰፈር ባለው ማተሚያ ቤት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ እንኳ እግሯ አያርፍም። ቤይሩት የገባችው በፈረንጅ 2006 ለቤት ሠራተኝነት ነበር። በዚያው ክረምት ጦርነት ተነሳና የአሠሪዋ የሚስተር ኤሊ ሠራተኞች ማተሚያ ቤቱን ጥለው ሸሹ፤ እሱም መጥረጊያዋን አስጥሎ ወረቀት አስቆረጣት። ከመቁረጫው ወደ ቀለሙ፣ ከቀለሙ ወደ ኮምፒውተሩ እያለች፣ ዓይኗ እንዳየ እጇ እየሠራ፣ የሠርግ ካርድና የመርዶ ወረቀት የምታሳምር ዲዛይነር ሆነች።

መኖሪያ ፈቃዷ ላይ ግን አሁንም የሚስተር ኤሊ የቤት ሠራተኛ ናት። እሑድ እሑድ ለሠራተኞች መብት ሰልፍ ፖስተር ስትሠራ ስሟን አትጽፍም። እሱ ፈቃዷን ካሰረዘ መባረሯ ነዋ!

በፈረንጅ 2018 በላይነሽ የምትባል ልጅ ባዕብዳ ሰፈር ከምትሠራበት ቤት በረንዳ ወድቃ ሞተች። ቦሰና አይታት አታውቅም። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ስሙ፣ ቤተሰቡና ለቅሶ የሚደረስበት ቦታ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ለበላይነሽ ግን ቁራጭ ወረቀት የለጠፈላት የለም። የጎረቤት ድመት ብትሞት እንኳ የት ገባች የሚል አይጠፋም! ቦሰና አንጀቷ አረረ። ራሷ ሠርታ፣ ራሷ አትማ፣ ልጅቷ በሞተችበት መንገድ ግራና ቀኝ ለጠፈችው።

ጉዷን ያየችው በማግስቱ ነው። እጇ ልማድ ሆኖበት የለቅሶውን ቦታ ባዶ አልተወውም፤ የራሷን ክፍል አድራሻ ጽፏል።

ልገንጥለው ብላ ወጣች፣ ከደረጃው ተመለሰች፣ ደግሞ ወጣች። ሻንጣዋን አወረደች፣ መልሳ ሰቀለች። በሩ ተንኳኳ። ፖሊስ አልነበረም፤ ጥቁር የለበሱ ሁለት የባዕብዳ አሮጊቶች ናቸው።

«አላህ ይርሐማ፣ ነፍሷን ይማር። ቤተሰቧ የታሉ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፤ ግቡ» አለች ቦሰና።

ከነሱ ኋላ ወረቀቱን ያዩ የአገሯ ልጆች ተከታትለው መጡ። ክፍሏ ጠበበች፤ አልጋው ላይም ወለሉም ላይ ተቀመጡ። በላይነሽን የሚያውቋት አለቀሱ፣ የማያውቋትም አለቀሱ።

አመሻሽ ላይ ሚስተር ኤሊ ወረቀቱን በእጁ ጨምድዶ በሩ ላይ ቆመ። የማተሚያ ቤቱን ሥራ ከሩቅ ያውቀዋል።

«ያኒ፣ ምን ነካሽ? ለማታውቂያት ልጅ! ነገ ፈቃድሽን አሰርዛለሁ። ኸላስ፣ አበቃ፣ አገርሽ ትገቢያለሽ!» ብሎ ጮኸ።

«ያሰርዙ፣ ሚስተር» አለች ቦሰና። «አሁን ግን ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ለቅሶ ቤት ነው።»