የኖርቫል መጠጥ ቤት የማን ነው?

አርዲስ ክለቨን ባሏን የፈታችው በመሬት ካርታ ጠብ ነው ይባላል። ውሸት ነው። እሷ ግን አስተባብላ አታውቅም፤ እውነተኛው ምክንያት ከዚያ የባሰ ያሳፍራታል። ዴልመር ፕሩስኪ ጨዋ ሰው ነበር፣ ጨዋነቱ ነው ያንገሸገሻት። እራት የት እንብላ ስትለው አንቺ ምረጪ ይላታል፣ እሷም አንተ ምረጥ ትለዋለች፣ እንዲህ ሲባባሉ ምግብ ቤቱ ይዘጋል። በመጨረሻ መፋታት እንደምትፈልግ ስትነግረው እንኳ «ካልሽ እንግዲህ» ብሎ ሻንጣዋን መኪናው ላይ ጫነላት። ይቅር ያላለችው ለመፋታቱ ሳይሆን ለሻንጣው ነው።

እርግጥ እኛ ዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ አይደለም። መስቀለኛ መንገድ ላይ አራት መኪና ከአራት አቅጣጫ ቢመጣ አራቱም ነጂዎች እጃቸውን እያወዛወዙ «እለፍ»፣ «ኧረ አንተ እለፍ» ሲባባሉ ከኋላቸው የወተት ቦቴ ይደርስባቸዋል። ሳህን ላይ የቀረችውን የመጨረሻ አይብ ማንም አያነሳትም። አንዱ ግማሿን ቆርጦ ይወስዳል፣ ቀጣዩ የግማሿን ግማሽ፣ እንዲህ እያለች ትጠፋለች እንጂ ጨረስኳት የሚል አይገኝም። ዴልመር ግን ከእኛም ይብሳል።

ከተፋቱ በኋላም ሥራቸው አላፋታቸውም። አርዲስ ካውንቲ ከሚባሉት የግዛቱ ወረዳዎች የአንዱ፣ የሀልቨር፣ ካርታ ሠሪ ናት፣ ዴልመር ደግሞ የጎረቤቱ የዱሼን ካውንቲ። ሁለቱም በየካውንቲያቸው ፍርድ ቤት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ቧንቧ ሥር ተቀምጠው የእያንዳንዱን ማሳ፣ መንገድና የቤት ቁጥር ልክ ይይዛሉ። አርዲስ ሥራውን የጀመረችው ካርታ በብዕር በሚሳልበት ዘመን ነው። ከየምርጫው በኋላ አዲስ አለቃ ይመጣና ይህ ሁሉ ስልኬ ላይ የለም እንዴ ብሎ ይጠይቃታል። አዎ አለ፣ ስልክህ ግን ከየት ያመጣው መሰለህ ብላው ወደ ሥራዋ ትዞራለች።

ለራሱ ምንም የማይፈልገው ዴልመር ለካውንቲው ሲሆን እንደ በቅሎ ግትር ነው። ሁለቱን ካውንቲዎች የሚለየው መስመር ጫካና ረግረግ ሲያቋርጥ ማንም አይጣላበትም። ጠቡ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። የጥንት ቀያሾች ድንበር ብለው የተከሉት ድንጋይ አለ፤ በኋላ መንገዱ ሲሰፋ ሌላ ሰው መጥቶ ድንጋዩን ሳያይ ራቅ ብሎ የብረት ዘንግ ተክሏል። አርዲስ ብረቱን ታምናለች፣ ዴልመር ድንጋዩን። በብረቱና በድንጋዩ መካከል ያለውን ቁራሽ መሬት ሁለቱም ካውንቲዎች የኔ ነው ብለው ካርታቸው ላይ ይስሉታል። ቁራሹ ላይ የተቀመጠው ደግሞ የአርዲስ ታናሽ ወንድም የኖርቫል መጠጥ ቤት ነው።

ኖርቫል እንደዚህ ጠብ የሚወደው ነገር አልነበረም። በረዶ ሲጥል የሁለቱም ካውንቲ መኪና እየመጣ ደጁን ይጠርግለታል። የጤና ተቆጣጣሪ ሲመጣበት የዚያኛው ካውንቲ ሰው ነኝ ብሎ አሳ መጥበሱን ይቀጥላል። አርብ አርብ አሳ የማይበላ ሰው እኛ ዘንድ የለምና ከሁለቱም ወገን ሕዝቡ ይጎርፍለታል። ኖርቫል ራሱ ሰፊ፣ ፊቱ ቀይ፣ ሲስቅ ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነው። ልቡ ደካማ መሆኑን ሐኪም ነግሮት ቅቤ እንዲተው ቢያዘው ወደ አይብ ተዛወረ።

ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች አንድ ቀን የአገሩን ካርታ በሙሉ ባንድ ላይ ማየት ባያምራቸው ኖሮ ነገሩ እንዲሁ በቀጠለ። ጎርፍና ሰደድ እሳት ሲመጣ ካርታውን ቢዘረጉት፣ አገሩ በየካውንቲው ድንበር ላይ እንደ አሮጌ ሱሪ ተተርትሯል። መንገዱ አንዱ ካውንቲ ላይ ያልቅና ጎረቤቱ ላይ ፈንጠር ብሎ እንደገና ይጀምራል። በመንገድ ስም ላይ አንዱ «ሰሜን» ብሎ ሙሉውን ይጽፋል፣ ሌላው በአንድ ፊደል ያሳጥረዋል፣ ሦስተኛው ሰሜን መሆኑን ሁሉም ያውቃል ብሎ ይተወዋል። ርቀት የሚለኩበት «ጫማ» የሚባለው መለኪያ እንኳ ሁለት ዓይነት ነበር። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ ከሩቅ ተነስተው ሲቆጥሩበት ግን የሰው አጥር ጎረቤት ግቢ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሁሉም ካውንቲ ካርታውን በአንድ መለኪያና በአንድ አጻጻፍ አዘጋጅቶ ለግዛቱ እንዲልክ ተወሰነ። ግዛቱ ይሰፋዋል፣ ግዛቶቹ ደግሞ ባንድ ላይ የአገሩን ካርታ ይሰፋሉ።

ከዚያ ስብሰባ ሆነ። መንገድ ማለት ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ብቻ አንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ፤ ሣር የበቀለበት ይቆጠራል፣ አይቆጠርም ሲባል አርዲስ አንድ የእግር ሹራብ ጨረሰች። በአፏ ብታላግጥም ሐሳቡን ግን ከልቧ ትወደው ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ካውንቲ ስትስል ኖራ፣ ሥራዋ የአንድ ትልቅ ነገር ጥግ ሊሆን ነው። ጡረታ ከመውጣቷ በፊት የምትመኘው ይህን ብቻ ነበር፣ ብረቷም አብሮ እንዲገባላት።

ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ያልተስማማ ካውንቲ የመጨረሻ መስመሩን እስከ ሐሙስ እንዲልክ ቀን ተቆረጠ። ከአርብ ጀምሮ አምቡላንስ የሚጠራበት የስልክ ማዕከል ለካውንቲዎቹ ሁሉ አንድ ይሆናል፣ ማንን የት እንደሚልክም ከተሰፋው ካርታ ያነባል። አርዲስ ረቡዕ ጠዋት መስመሯን ከመላኳ በፊት እስቲ ልይ ብላ የአምቡላንስ ጣቢያዎቹን ካርታው ላይ ፈለገች። የሀልቨር አምቡላንስ የሚቆመው ከሐይቁ ማዶ ነው። የዱሼን ግን ከኖርቫል በር ብዙም አይርቅም።

የብረቱ ዘንግ ትክክል ስለመሆኑ አሁንም አልተጠራጠረችም፤ የኖርቫል ልብ ግን ስለ ብረት ደንታ የለውም። ጥርሷን ነክሳ መስመሩን ከብረቱ ወደ ድንጋዩ ጎተተችው፣ መጠጥ ቤቱን ለዱሼን ለቀቀችና ላከችው። ለዴልመር አልደወለችም። ቢያሸንፋት ትችለዋለች፣ አሸንፎ ሲያባብላት ግን መስማት አልፈለገችም።

አርብ ማታ የአርዲስ የጡረታ መሸኛ ተብሎ ኖርቫል ቤት ኬክ ተዘጋጅቷል። ዴልመርም መጥቶ ነበር፤ ጥግ ላይ ብራንዲውን ይዞ ያለ ወትሮው ፈገግ ፈገግ ይል ነበር። የመስመሩ ነገር የገባው መስሏት አርዲስ ዓይኗን ከእሱ አሸሸች። ኖርቫል የአሳ ሳህን በሁለት እጁ ይዞ ከማዕድ ቤት ሲወጣ ድንገት ቆመ። ሳህኖቹን ባንኮኒው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ላቡ እንደ ውሃ ይወርዳል፣ ደረቱን ጨምድዶ ይዟል።

ከደንበኞቹ መካከል የነበረች አንዲት የእንስሳት ሐኪም ሮጣ ሸሚዙን ፈታችለትና አስፕሪን አስቆረጠመችው። ላም ብትሆን ኖሮ መርፌ መኪናዬ ውስጥ ነበረኝ አለች፣ ለማጽናናት ያህል። አርዲስ ስልኩን አነሳች። የማዕከሉ ልጅ ድምጿ የተረጋጋ ነበር፣ አድራሻውን ተቀበለችና ካርታው ላይ ፈለገችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ካርታው ላይ እዚያ ቦታ ነጭ ነው። የየትኛውም ካውንቲ አይደለም ይለኛል። ካውንቲ ካልሞላሁለት ደግሞ መኪና አይለቅልኝም። በየትኛው ካውንቲ ነው ያላችሁት?»

«ዱሼን» አለች አርዲስ።

«ሀልቨር» አለ ዴልመር ከኋላዋ፣ ለመርዳት ብሎ ጮክ አድርጎ።

አርዲስ ዞር ብላ አየችው። የማዕከሉ ልጅ ሌላ ነው የሚሉት ሰውዬ ማን እንደሆኑ ጠየቀች። አርዲስ የዱሼን ካርታ ሠሪ መሆኑን ነገረቻት። እንግዲያው የዱሼን ሰው የኛ አይደለም ካሉ የሀልቨርን አምቡላንስ ልላክላችሁ አለች ልጅቷ። ሐይቁን ዞሮ እስኪደርስ ኖርቫል አይቆይም። አርዲስ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች።

«ዴልመር፣ ምን እያልክ ነው? ቤቱ ያንተ ነው። ረቡዕ ለቅቄልሃለሁ።»

ዴልመር ብራንዲውን አስቀመጠ። «እንዴት ይሆናል? ማክሰኞ እኮ እኔ ለቀቅኩልሽ። ወደ ብረትሽ ነው ያስጠጋሁት። ኬኩ ሲቆረጥ ልነግርሽ ብዬ...»

ሁለቱ ዘመናቸውን ሲሻሙበት የኖሩትን መሬት በአንድ ሳምንት ሁለቱም ጥለውት፣ ወንድሟ ማንም የኔ በማይለው ቀዳዳ ውስጥ ተቀምጦ ሊሞት ነው። ካርታዎቹን የሚሰፋውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የጻፉት ልጆች የተደራረበ መሬት ሲያገኝ እንዲጮህ አዘውታል። ክፍተት ሲያይ ግን ምንም አይልም፤ መሬት የሚሻማ እንጂ መሬት የሚጥል ካውንቲ ይኖራል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ዊስኮንሲንን አያውቋትማ።

«የቀድሞው አማቼ» አለ ኖርቫል ከወለሉ ላይ፣ ቃሉ እየተቆራረጠ። «ቶሎ ወስኑ። ሬሳዬ አገር አልባ እንዳይሆን።» ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

«አንቺ ብትይላት ነበር የሚሻለው» አለ ዴልመር፣ አርዲስ የዘረጋችለትን ስልክ ላለመቀበል እጁን እየሰበሰበ። «ሥራውን የሠራሽው አንቺ ነሽ፣ ብረቱም ትክክል...»

አርዲስ በሕይወቷ ሰው ላይ እጇን አንስታ አታውቅም። ያን ጊዜ ግን የዴልመርን ሸሚዝ በአንገቱ ይዛ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈችው።

«ደግነትህን አልፈልገውም» አለችው። «የኔ ነው በል። አሁን።»

«ዱሼን ነው» አለ ዴልመር ስልኩ ውስጥ። «የኛ ነው። የዱሼን ካርታ ሠሪ እኔ ነኝ፣ የኛ ነው እያልኩሽ ነው። ላኪ።»

አምቡላንሱ ኬኩ ላይ ያለው ክሬም ሳይቀልጥ ደረሰ። ኖርቫልን ሲያወጡት ሁለት ገበሬዎች በሩን ለመያዝ እርስ በርሳቸው ሲጋበዙ መንገድ ዘጉ፤ የእንስሳት ሐኪሟ ሁለቱንም ገፍትራ አሳለፈቻቸው።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲጠብቁ ሐኪሙ ወጣና እንደሚተርፍ ነገራቸው። ትንሽ ብትዘገዩ ግን ይህን አልነግራችሁም ነበር አለ። አርዲስ ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። ዴልመር መሐረቡን አወጣ፣ ልስጣት አልስጣት ብሎ ጉልበቱ ላይ ይዞት ቆየ፣ በመጨረሻ ሰጣት።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«አሸንፈሽ ጡረታ እንድትወጪ ፈልጌ። ስጦታ ነበር።»

«ስጦታህ ወንድሜን ሊቀብረው ነበር።»

«አዎ» አለ ዴልመር፤ ይቅርታም፣ ማመካኛም አላስከተለም። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ያንቺስ? አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

ካባበልከኝ አልችልም ብዬ ነው ልትለው አሰበች። እሱም እውነት ነበር፣ ግን ትልቁ እውነት እሱ እንዳልሆነ ልቧ ያውቀዋል። ዴልመር ከተፋቱ ጀምሮ በየሳምንቱ ይደውልላት ነበር። ስለ ድንጋዩ ይናገራል፣ እሷ ስለ ብረቱ ትመልሳለች፣ ስልኩ ላይ ይካረራሉ፤ እሷም ስልኩ ከመጮኹ በፊት ፀጉሯን ታበጥር ነበር።

«ከነገርኩህ ጠቡ ያልቃል ብዬ» አለች መሐረቡን እያጣጠፈች። «ይኸው አሁን ሰኞ ቁጭ ብለን መስመሩን ድንጋዩ ላይ እናደርገዋለን፣ ኖርቫል ያንተ ይሆናል፣ ያልቃል። ከዚያ በምን ምክንያት ትደውላለህ?»

ዴልመር እንደ ልማዱ ጥያቄውን መልሶ ወደ እሷ የሚወረውረው መስሏት አርዲስ ልትነሳ ነበር።

«ያለ ምክንያት» አለ። «ያለ ምንም ምክንያት መደወል እፈልጋለሁ።»