ያላላሁት ብሎን

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ነፍስ አባቴ ፊት ሐሜቱን፣ መጠጡን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ ስዘረዝር ኖሬ፣ እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰርና «ሌላም ያላስታወስኩት ይኖራል አባቴ» ብዬ አልፋት ነበር። ያላስታወስኩት! ከዚህች አስበልጬ የማስታውሰው ምን ነገር አለኝ? እንግዲህ ዛሬ የምታነቡኝ እናንተ ስሙኝ። ታሪኩ የሚያስቅ ነውና ትስቁ ይሆናል። እኔም ስጽፈው ፈገግ ማለቴን አልደብቅም። እየሳቃችሁም ቢሆን ግን ፍረዱብኝ።

በጃንሆይ ዘመን አሰላ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚነካ እጅ የእኔ ብቻ ነበር። ሙያውን የተማርኩት ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይመለስ ከቀረ አንድ ሽማግሌ ጣልያን ነው። ዲናሞ የተቃጠለበት፣ ባትሪ የደከመበት፣ ጥሩንባው የታፈነበት ሁሉ «በቀለ ጋ ውሰደው» ይባል ነበር። እኔም ይህን እየሰማሁ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። አላዋቂ አልነበርኩም። ግን ብቻዬን በመሆኔ አንደኛ የሆንኩትን፣ በልጬ የሆንኩ መሰለኝ።

ከዚያ ገመቹ ከናዝሬት መጣ። ገመቹ በኦሮምኛ ደስታ ማለት ነው፤ ስም ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም። ከእኔ ጋራዥ ፊት ለፊት አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ በከፈተ በሳምንቱ፣ ከሲሬ እህል ጭነው የሚመጡት ሾፌሮች ሁሉ ስሙን አወቁት። ሲሠራ ያፏጫል። ሰው ሲቀልድ ከቀልዱ በፊት ይስቃል። በዕድሜ ስለምበልጠው «ጋሼ» ይለኛል፤ ምሳውን ሳያካፍለኝ አይበላም። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት ከባድ ነው። እኔ ግን ተሳካልኝ።

አቶ ተሰማ የሚባሉ የከተማችን የእህል ነጋዴ ልጃቸውን ኃይሉን ሊድሩ ነበር። ሙሽራዋ የዲክሲስ ልጅ ነች። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። በልግ በያዘበት ሰሞን ወደዚያ የሚወጣው መንገድ እስከ ረፋድ በጭጋግ ታፍኖ ነው የሚቆየው፤ ሰው የዘረጋውን እጁን አያይም። አቶ ተሰማ ይህን አስበው ለጥቁሯ መኪናቸው ቢጫ መስታወት ያላቸው ሁለት የጭጋግ መብራቶች ከአዲስ አበባ አስመጡ። ማን ይግጠማቸው? ሁለታችንንም ግቢያቸው አስጠሩን።

እኔ ቀድሜ ተናገርኩ። ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ ተቀጥለው አብረው ይብሩ፣ ብርሃን ሲበዛ ጭጋግ ይሸሻል አልኩ። ገመቹ ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን ፊት በስንዝሩ እየለካ፦

«ጋሼ፣ ጭጋግ ውስጥ የፊቱ መብራት ሲበራ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይን ላይ ነው የሚያርፈው» አለ። «እነዚህ ከፊት መከላከያው ብረት፣ ከፓራውልቱ ሥር ዝቅ ብለው ይታሰሩ፤ የራሳቸው ማብሪያም ይኑራቸው። ሾፌሩ ላይኛውን አጥፍቶ እነዚህን ብቻ ሲያበራ ከጭጋጉ ሥር መሬቱ ይታየዋል።»

አቶ ተሰማ ወደ እኔ ዞሩ። «በቀለ፣ ስንት ዓመት መኪናችንን ስትሠራ ይሄን ለምን አልነገርከንም?»

ያልነገርኳቸው ስለማላውቀው ነበር። ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ይህን ገባው። ማንም አልሳቀብኝም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ገመቹ ሥራውን በሁለት ቀን ጨረሰ። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ ዛሬ ሳልሰስት ልመስክርለት። ከባትሪው አጭር ሽቦ ወደ ፊውዙ፣ ከፊውዙ ወደ ማብሪያው፣ ከዚያ ወደ መብራቶቹ። ሽቦው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከሚግለው ብረት ርቆ፣ እንደ ሹሩባ ተስተካክሎ ነበር። ብሎኖቹን ሲያጠብቅ ቆሜ አይቼዋለሁ። አጥብቋቸዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቶ ተሰማ ግቢ ዳስ ሲጣል እኔም ከጎረቤት ጋር አግዳሚ እያቀበልኩ ነበር። ገመቹ ለሠርጉ ፀጉሩን ሊስተካከል ወደ ገበያው ወረደ። እኔ ወደ መኪናዋ ሄጄ ኮፈኑን አነሣሁ። በቀለ ኮፈን ቢያነሣ ማን ይጠይቀዋል? ካቻቢቴዬን ከኪሴ አወጣሁና ከባትሪው የመጣችው ሽቦ ፊውዙ ላይ የታሰረችበትን ብሎን አላላኋት። እኔ ነኝ ያላላኋት። አንድ ዙር አላላሁ። ቆም አልኩ። ከዚያ ሁለተኛ ዙር ጨመርኩ። የምትከሰኝ ያቺ መቆሜ ናት። አንደኛው ዙር ቅናት ነው ልበል፤ ሁለተኛውስ?

የፈለግሁት እሑድ ማለዳ፣ እንግዳው ሁሉ ባለበት፣ መብራቱ እምቢ ብሎት ገመቹ እንዲያፍር ነበር። ለራሴ ያልኩት ይህን ነው። ግን በባትሪና በፊውዝ መካከል ያለችው ሽቦ ኃይል ሲበዛ የሚቆርጥላት ጠባቂ እንደሌላት፣ ተፈታ ብረት ከነካች እሳት እንደምትተፋ የማላውቅ ሰው ነበርኩ? ያ ሽማግሌ ጣልያን መጀመሪያ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። አውቃለሁ። እያወቅሁ ኮፈኑን ዘጋሁና አግዳሚ ወደማቀበሌ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ገመቹ መሪውን ይዞ ማብሪያውን ጫን ቢያደርገው ሁለቱም መብራቶች እንደ እንቁላል አስኳል ቦግ አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ ተሰማ ገመቹን ግንባሩን ሳሙት። እኔም አጨበጨብኩ። ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብናገር፣ «ቆይ አንዴ ልየው» ብል ማንም ምንም አይጠረጥርም ነበር። አላልኩም። ከዘመድ አዝማዱና ከቀሩት ሚዜዎች ጋር ከኋላ በሚከተለው የጭነት መኪና ተሳፈርኩ። ገመቹ በሚነዳት በፊተኛዋ መኪና ሙሽራው፣ ሚዜው፣ አቶ ተሰማና ልጃቸው አስካለ ነበሩ። አስካለ አስተማሪ ናት። ሴት ልጅ ሙሽራ ልታመጣ አትሄድም ቢሏት፣ ወንድሜን እኔ ካላጀብኩት ማን ያጅበዋል ብላ ቀድማ ገብታ የተቀመጠች ናት።

ዳገቱን ከጨረስን በኋላ ጭጋጉ ዋጠን። ለካ ገመቹ እውነቱን ነበር። ከኋላ ሆነን እንኳ ቢጫው ብርሃን መሬት ለመሬት እየዳኸ መንገዱን ሲያሳየን ይታየናል። ጥሩ ሥራ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አሁን ቢቀርስ ብዬም ተመኘሁ። መንገዱ ግን ኮረኮንች ነው። አንድ ጉድጓድ ላይ ዘለልን፣ ሁለተኛ ላይ ዘለልን፤ ከፊታችን የነበረው ብርሃን ድርግም አለ።

እየሮጥኩ ስደርስ መኪናዋ አንድ ጎማዋን ከመንገዱ ዳር ካለው ገደል አፍ ክንድ በማይሞላ ቦታ ላይ አቁማለች። ከኮፈኑ ሥር ጭስ ይወጣል። ሁሉም ዘለው ወርደዋል። ገመቹ ግን ወደ እሳቱ ገባ። የጋለውን ሽቦ በባዶ እጁ ይዞ ከባትሪው ነቀለው። መዳፉ ሲጠበስ ሽታው ደረሰኝ። እሳቱ ጠፋ። ሽቦው ግን ከሰል ሆኗል፤ ጭጋጉን የሚያልፍ መብራት የለንም።

አቶ ተሰማ ገመቹን ክንዱን ያዙት። «ልጄን በእሳት ልታጅብልኝ ነበር?» አሉት።

ገመቹ ጎንበስ ብሎ የተፈታችውን ብሎን አገኛት። ባልተቃጠለው እጁ ይዞ አያት፤ ብዙ አያት። ከዚያ፦

«ይቺን ያላጠበቅሁ እኔ ነኝ» አለ። «ጥፋቱ የሌላ የማንም አይደለም፤ ይቅር ይበሉኝ።»

አጠገቡ ቆሜ ነበር። ትከሻችን ይነካካ ነበር። ዝም አልኩ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው ነገሩን ሁሉ የሚያደናግረኝ። አስካለ የነጠላዋን ጠርዝ ቀድዳ የገመቹን እጅ አሰረችው። እሱ በዚያ እጁ መሪ መያዝ ስለማይችል አቶ ተሰማ እንድነዳ እኔን አዘዙኝ። ገመቹ የተረፈውን ነጠላ ትከሻው ላይ አጣፍቶ፣ ነጩ እንዲታየኝ ከመኪናዋ ፊት ፊት መራመድ ጀመረ። አስካለም ወርዳ ከጎኑ ሆነች። ከጭነት መኪናው የወረዱት ደግሞ እየዘፈኑ ተከተሏቸው። አንዱ ከበሮ ይዞ ኖሮ ይመታ ጀመር። ሙሽራው ራሱ መኪና ውስጥ መቀመጥ አስጠላውና ወርዶ ከነሙሉ ልብሱ ጭቃው ላይ ጨፈረ።

ዘፈኑን የሰሙ የአካባቢው ገበሬዎች ከጭጋጉ ውስጥ በፈረስ ብቅ አሉ። ከድር የሚባል ጎልማሳ ከፊት ነበር። ምን እንደገጠመን በኦሮምኛ ጠየቀ፤ ገመቹ ነገረው። ከድር ሳቀና እኛ እንድንሰማው በአማርኛ፣ «ፈረስ መብራት አይፈልግም፤ እኛ እናደርሳችኋለን» አለ። አሥር የሚሆኑ ፈረሰኞች ግራና ቀኝ ሆነው ገደሉን ከለሉልን። ከበሮው፣ የፈረሱ ኮቴ፣ የሁለት ቋንቋ ዘፈን አንድ ላይ ሆነ። የሙሽራዋ ቤተሰቦች በራቸው ላይ ቆመው የመኪና ድምፅ ሲጠብቁ፣ ከጭጋግ ውስጥ ፈረሰኛና ዘፋኝ እየተተፋ መጣባቸው። ዲክሲስ ውስጥ እንዲህ ያለ ሠርግ አይተን አናውቅም አሉ ሽማግሌዎቹ። ለከድርና ለጓደኞቹ የእስላም ሥጋ ተዘጋጀላቸው። እኔም በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ጨፈርኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከልቤ ተደስቼ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ደንበኛው ሁሉ ወደ እኔ ተመለሰ። አቶ ተሰማ በደረሱበት ሁሉ፣ ብሎን ከሚረሳ ሰው መኪናችሁን አርቁ ይሉ ነበርና። ገመቹ ግን ከፍቶ መቀመጡን አልተወም፤ ፉጨቱንም አልተወም። አስካለ ቁስሉን ልትጠይቅ አንድ ቀን ብቅ አለች። ቁስሉ ከዳነም በኋላ መምጣቷን አላቋረጠችም።

በዓመቱ ገመቹ ከእነ ሙሉ ልብሱ እኔ ቤት መጣ። አባቱ ሞተዋል። አስካለን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ ሆነህ ሂድልኝ አለኝ። ከአሰላ ሰው ሁሉ እኔን መረጠ! ሄድኩ። አቶ ተሰማ እኔንና አብረውኝ የነበሩትን ሁለት አዛውንቶች ካስቀመጡ በኋላ፣ «ብሎን የረሳ ልጄንስ አይረሳትም?» አሉ።

እዚያች ላይ እውነቱን ብናገር ነገሩ በአንድ ቃል ባለቀ ነበር። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «አቶ ተሰማ፣ ሰው ነው፣ አንድ ጊዜ ይሳሳታል። ይማሩት» አልኩ። እኔ ማለድኩለት! በራሴ ጥፋት ለእሱ ምሕረት ለመንኩለት። አዛውንቶቹ ንግግሬን አደነቁ። አቶ ተሰማ አሰቡ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ በመጨረሻም እሺ አሉ። ገመቹ ጉልበቴን ሊስም ሲጎነበስ አቅፌ አነሣሁት፤ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

ትዳራቸው ያማረ ሆነ። ልጆች ወልደው ዳሩ። አቶ ተሰማም ከመሞታቸው በፊት ከአማቻቸው ሌላ መኪናቸውን የሚያስነካ ሰው አልነበራቸውም። ገመቹ በየግብዣው የዚያን ቀን ታሪክ ያወራል፤ ፈረሰኞቹን፣ ጭቃው ላይ የጨፈረውን ሙሽራ፣ የአቶ ተሰማን ቁጣ እያስመሰለ ሰዉን በሳቅ ይገድላል። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ፣ ያቺን ብሎን ባልረሳት ኖሮ አስካለን አላገኛትም ነበር ይላል። እኔም እስቃለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ሳቅሁ! አንዳንዴማ፣ እንግዲያው ሚስት ያጋባሁት እኔ አይደለሁም እንዴ እያልኩ ራሴን አጽናንቻለሁ። ከዚህ የባሰ ውሸት ለራሴ ነግሬው አላውቅም። እኔ ያላላሁት ብሎን ነው። ነጠላዋን የቀደደችው አስካለ ናት፤ እሳት ውስጥ እጁን የከተተው ገመቹ ነው፤ ፈረሱን ያመጣው ከድር ነው። ከዚያ ቀን ደስታ ውስጥ የእኔ ድርሻ ገደሉ ብቻ ነው።

ዝምታዬን የሰበረው ባለፈው ሰሞን ገመቹ የነገረኝ ነገር ነው። ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ፣ እንደ ዋዛ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የገዛ እጁን አምኖ እንደማያውቅ አጫወተኝ። ያሰረውን ሁሉ ሦስት ጊዜ ይነካል። መኪናው ከጋራዡ ከወጣ በኋላ ባለቤቱን ጠርቶ እንደገና ያየዋል። «አጥብቄያታለሁ ብዬ እምልልህ ነበር ጋሼ፤ ግን ዓይኔ ያየውን ምን ልበል?» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ። እኔ ግን የሰረቅሁትን ያን ጊዜ አወቅሁ። ደንበኛውን መልሶ አግኝቷል፤ አቶ ተሰማን መልሶ አግኝቷል። በእጁ ላይ የነበረውን እምነት ግን እኔ ወስጄ ይኸው ይህን ሁሉ ዘመን ይዤዋለሁ።

ይህን ጽሑፍ ይዤ ነገ ደጁ እሄዳለሁ። አስካለም ባለችበት አነብላቸዋለሁ። «ገመቹ፣ አጥብቀሃት ነበር» እለዋለሁ። ይስቃል፤ አውቀዋለሁ፤ «እግዜር ይስጥህ ጋሼ፣ ሚስት ሰጠኸኝ» ብሎ ትከሻዬን ይመታል። ያን ሳቅ እንደ ምሕረት አልቆጥረውም። እሱ በሁሉም ነገር ይስቃል። ቁጭ ብዬ፣ ሳቁ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ።